ኩርባው መሃል ላይ፣ ቀጥታው ጫፍ ላይ

አዳማ ውስጥ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ግቢ ለተሰበሰቡ ወጣቶች፣ አናጢዎችና የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኞች የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።

እንደምን አመሻችሁ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሣጥን ስትገቡ አይታችሁ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ያላችሁ አላችሁ። አንድ ጫፉ ወደ በሩ ያያል፣ ሌላው ጫፉ ወደ መስኮቱ። ላዩ ላይ ሁለት ቀጫጭን ሐዲዶች በአንዱ ጫፍ ገብተው፣ ቀስ ብለው ዞረው፣ በሌላው ይወጣሉ። ዛሬ የምነግራችሁ የዚህን ሣጥን አሠራር ነው። ቀጥ ያለውን ሣጥን እዚህ ያለ አናጢ ሁሉ በግማሽ ቀን ሠርቶ ያስረክበኛል። ኩርባው ግን ሌላ ነው፤ እኔ አንዱን አስተካክዬ እስክሠራ ድረስ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ያን ያህል እንዳትደክሙ ነው የጠራኋችሁ።

መጀመሪያ ነገሩን ላላወቃችሁ ላስረዳ። የባቡር ሞዴል ማለት እውነተኛው ባቡር በልክ አንሶ የተሠራበት ነው። በእኛ ልክ 87 ሜትር የነበረው 1 ሜትር ይሆናል። ይህም ሆኖ አንድ ጣቢያና ከግራ ከቀኙ ትንሽ መስመር ልዘርጋ ያለ ሰው ትልቅ አዳራሽ ያስፈልገዋል። እኛ ደግሞ አብዛኞቻችን ተከራይተን የምንኖር ነን። ስለዚህ መስመሩ ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሞጁል ይባላል። አንዱ ቀበሌ 04 ቤቱ ውስጥ አንድ ሞጁል ይሠራል፣ ሌላዋ ወደ ወንጂ መንገድ ቤቷ ሌላ ትሠራለች፣ ቅዳሜ ሁሉም የየራሱን በባጃጅ ጭኖ ይመጣና እዚህ ይገጣጠማል። ማታ ተፈታትቶ ወደየቤቱ ይመለሳል።

ሐሳቡ የእኔ አይደለም። በአሜሪካ ኤንትራክ የሚባለው ሥርዓት በ1970ዎቹ ተጀመረ፤ በጀርመን ፍሬሞ የሚባለው ማኅበር በ1981 ተመሠረተ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከካሊፎርኒያ ፍሪሞ የሚባለው መጣ። እነዚህ ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ወደፊትም የምጠራቸው እንዲሁ። ኤንትራክ ሲገጣጠም ዞሮ ራሱ ላይ የሚዘጋ አራት ማዕዘን ነው የሚወጣው፣ አራት የማዕዘን ሞጁል ካልመጣ አይዘጋም። የማዕዘኑ ባለቤት ያን ቀን ልጁ ታሞ ከቀረ ሁሉም ቆሞ ይውላል። ፍሪሞ ይህን ግዴታ አነሳው። የሚደነግገው በዋናነት ስለ ጫፎቹ ነው፦ የጫፉ ሳንቃ ስፋት 24 ኢንች፣ ሐዲዱ ለሳንቃው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከሳንቃው ወደ ውስጥ ቢያንስ 4 ኢንች ድረስ ቀጥ ያለና ያልተዘነበለ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው የሠሪው ፈንታ ነው። ሞጁሉ አጭር ቢሆን፣ ረጅም ቢሆን፣ 10 ዲግሪ ቢዞር፣ 90 ዲግሪ ቢዞር የሚጠይቀው የለም።

ይህን ሕግ መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ልቤን የነካው ለሰው የሚተወው ነፃነት ነው። ጎረቤትህ የሚነካህ ጫፍህ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ቃልህን ትጠብቃለህ፣ ውስጥህን እንደፈለግህ ትኖራለህ። ኩርባ የሚሠራ ሰው ደግሞ ይህን ሕግ ከማንም በላይ ይፈልገዋል፣ ምክንያቱም ቀጥ ያለ ሣጥን ጫፉ ትንሽ ቢዛነፍ ያስታውቃል፤ ጠማማ ሣጥን ግን ስህተቱን በራሱ ጠማማነት ውስጥ ይሸሽገዋል።

ለምን ኩርባ አስፈለገ? አንደኛ፣ ክፍሎቻችን ቀጥ ያለ መስመር አይችሉም። ሁለተኛውና ለእኔ ዋናው፣ ልናሳየው የምንፈልገው መስመር እዚሁ ከተማችን ውስጥ ያለፈው የድሮው ባቡር ነው። አፄ ምኒልክ ፈቃዱን በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ በ1902 ደረሰ፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1917። ከአዋሽ በመተሐራና በወለንጪቲ አድርጎ ወደ እኛ ይወጣል፤ ከእኛ በሞጆና በቢሾፍቱ አድርጎ ሽቅብ ይቀጥላል። ከስምጥ ሸለቆው ወለል ወደ ደጋው የሚወጣ መስመር ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ኮረብታውን እየተለማመጠ፣ እየዞረ ነው። መሐንዲሶቹ የሐዲዱን ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለውን ርቀት፣ 1 ሜትር ማድረጋቸውም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ጠባብ ሐዲድ ጠበብ ያለ ኩርባ ይችላል፣ ለቆረጣውም ለድልድዩም ወጪው ያንሳል። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ከፊት የተቀመጡት አባቶች በድሮው ላይ ፉርጎ ያቆራኙ፣ ሊቶሪና በሚባለው የመንገደኛ ባቡር ሰው ያሳፈሩ ናቸው፤ እነሱ እያሉ ልንሠራው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

1 ሜትር ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ በሞዴሉ ዓለም ለዚህ የሚሸጠው 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ነው። አዲሱን መስመር ብንመርጥ 16.5 ይሆን ነበር። ሐዲዱ እዚህ አይገኝም፤ ከውጭ በሚመጡ ዘመዶች ሻንጣ ነው የሚገባው። ስለዚህ አንዲት ስንዝር እንኳ በስህተት ቆርጠን መጣል አንችልም። እንጨቱ ግን የእኛ ነው፣ እሱ ላይ ደጋግመን መለማመድ እንችላለን።

አሁን ወደ ልኩ ልግባ። ታገሱኝ፣ ቁጥር ይበዛበታል፤ ግን እያንዳንዱ ቁጥር በእንጨት ተከፍሎበታል።

የኩርባችን ራዲየስ፣ ማለትም ከክቡ መሃል እስከ ሐዲዱ ያለው ርቀት፣ 110 ሴንቲ ሜትር ነው። ፍሪሞ ለዋና መስመር ከ42 ኢንች፣ ማለትም ከ107 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ይላል፤ እኛ ትንሽ ጨመርንበት። በእውነተኛው ልክ 110 ሴንቲ ሜትር ማለት 96 ሜትር ገደማ ነው፤ ለዋና መስመር በጣም ጠባብ ነው። 300 ሜትር ራዲየስ ያለውን ኩርባ ሳላሳንስ ልሥራው ብል 3 ሜትር ተኩል ራዲየስ ይወጣል፣ ይህን ግቢ ይበላዋል። ቢሆንም ማፈር አይገባንም፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ በርኒና የሚባለው ባለ 1 ሜትር ስፋት የተራራ መስመር 45 ሜትር ራዲየስ ድረስ ይጠባል፤ በእኛ ልክ 52 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ባቡሩ ያልፋል ማለት ግን ያምራል ማለት አይደለም። ጠባብ ኩርባ ላይ ረጅም ፉርጎ መሃሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ዓይን ወዲያው መጫወቻ መሆኑን ያውቃል። ከቻላችሁ ከ110 በላይ ሂዱ እንጂ አትቀንሱ።

አንዱ ሞጁል የሚዞረው 45 ዲግሪ ነው። ሁለት ሲሆኑ የክፍል ማዕዘን ይዞራሉ፣ ስምንት ሲሆኑ ሙሉ ክብ ይዘጋሉ። ኩርባው ራሱ 86.4 ሴንቲ ሜትር ሐዲድ ይወስዳል። በሁለቱም ጫፍ 12፣ 12 ሴንቲ ሜትር ቀጥታ እንጨምራለን። ሕጉ 4 ኢንች፣ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲል እኛ 12 ያልነው በምክንያት ነው። ሁለት ኩርባዎች በተቃራኒ አቅጣጫ፣ እንደ እባብ፣ ሲገጠሙ በመካከላቸው ቢያንስ የአንድ ፉርጎ ቁመት የሚያህል ቀጥታ ከሌለ ፉርጎዎቹ በማያያዣቸው ይጓተቱና ከሐዲዱ ይወጣሉ። 20 ሜትር የሚሆን የመንገደኛ ፉርጎ በእኛ ልክ 23 ሴንቲ ሜትር ነው። 12 እና 12 ስንደምር 24፤ በቃ።

ሥራው የሚጀምረው ወለል ላይ ነው። ወረቀት ላይ ስላችሁ ለማስፋት አትሞክሩ፤ በሙሉ ልኩ እዚህ ሲሚንቶው ላይ በኖራ ነው የሚሣለው። ቀጭን ጣውላ ውሰዱ፣ አንዱ ጫፍ ላይ ምስማር ምቱ፣ ከምስማሩ 110 ሴንቲ ሜትር ላይ ቀዳዳ አውጥታችሁ እርሳስ ክተቱ። ሲባጎ አይሆንም፤ ሲባጎ ይለጠጣል፣ መጀመሪያ ላይ 110 የነበረው መጨረሻ ላይ 111 ይሆናል። ምስማሩን መሃል ተክላችሁ ክቡን አዙሩ። ዲግሪ መለኪያም አያስፈልጋችሁም፤ ትንሹ የተማሪ ፕሮትራክተር ለዚህ ሥራ አይታመንም። በክቡ መስመር ላይ አንድ ነጥብ ያዙ፣ ከእሱ በቀጥታ 84.2 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ መስመሩ ላይ ሌላ ነጥብ አድርጉ። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ልክ 45 ዲግሪ አለ። ከየነጥቡ ወደ ምስማሩ መስመር ስትስቡ ሐዲዱ ከክቡ የሚለቅበትን ቦታ አገኛችሁ። ከዚያ ለዚያ መስመር በስኳድራ ቀጥ አድርጋችሁ 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ሂዱ፤ የጫፍ ሳንቃው እዚያ ይቆማል፣ ወደ ምስማሩ ከሚሄደው መስመር ጋር ትይዩ ሆኖ። ስኳድራችሁ ትንሽ ከሆነ ግንበኞቻችን መሠረት ሲያወጡ እንደሚያደርጉት 60፣ 80፣ 100 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ማዕዘኑን አረጋግጡ።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ላይ ደረስን። ሐዲዱ ስለዞረ ሣጥኑም መዞር ያለበት ይመስላቸዋል። የለበትም። ወለሉ ላይ ከጫፍ ሐዲድ እስከ ጫፍ ሐዲድ ክር ብትዘረጉ ኩርባው ከክሩ የሚርቀው 13 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የእኛ የጫፍ ሳንቃ 60 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ኮምፔርሳቶ 122 በ244 ሆኖ ስለሚመጣ ለሁለት ሲሰነጠቅና መጋዙ የሚበላው ሲወጣለት ያለ ብክነት 60 ይደርሳል። ስለዚህ አራት ጎኑ ቀጥ ያለ፣ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ጎን ያለው ሣጥን ይበቃል፦ ረጅሙ 129.3፣ አጭሩ 83.4፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 55.4 ሴንቲ ሜትር። ሐዲዱ ከውጩ ጎን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለአንድ ቤትና ለሁለት ግራር ቦታ አለ። የጎኖቹን ጫፍ መጋዛችሁን 22.5 ዲግሪ አዘንብላችሁ ስትቆርጡ ሳንቃው ላይ ይጋጠማል። በቪቴና በኮላ እሰሩት፣ ውስጥ ማዕዘኑ ላይ በዚያው ልክ የተቆረጠ ጉማጅ አስገቡ።

የተጠማዘዘ ጎን የሚያምረው ሰው ካለ አልከለክለውም፣ እኔም ሁለቱን እንደዚያ ሠርቻለሁ። ኮምፔርሳቶውን ከውስጥ በኩል እየሰነጠቁ ማጠፍ አንድ መንገድ ነው፤ ግን የተሰነጠቀበት ቦታ ሁሉ ከውጭ እንደ ጎድን አጥንት ይታያል። እኔ የምመርጠው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ሦስት ቀጫጭን በኮላ ደራርቦ ቅርጹ ላይ በሞርሳ ጠፍንጎ ማሳደር ነው። ሲፈታ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ስለዚህ ቅርጹ ከሚፈለገው ጠበብ ይበል።

ስለ እንጨቱ አንድ ነገር። ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ሲደርቅ ይጣመማል፤ እዚህ አገር ከክረምቱ እርጥበት ወደ ጥቅምት ነፋስ ስንሸጋገር ዛሬ ቀጥ ያለው ነገ ቀስት ይሆናል። ለእግር ካልሆነ አታስገቡት። ለጫፍ ሳንቃ ዋንዛ ብታገኙ ደስ ይለኛል፤ ካልሆነ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ጥሩ ኮምፔርሳቶ።

የጫፍ ሳንቃ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሠራነው ሁሉ የሚቆመው በእሱ ነው። የሁላችንም ሳንቃ ከአንድ ቅርጽ መውጣት አለበት። ያንን ቅርጽ ከብረት ላሜራ አስቆርጠን እዚህ ሰቅለነዋል፤ የብሎኖቹ ቀዳዳዎችና የሐዲዱ መሃል ምልክት አሉበት። ማንም ሳንቃውን ይዞ መጥቶ በዚያ ቅርጽ በትራፓኖ ይብሳ። በሜትር ለክቼ እበሳለሁ አይባልም፤ ሁለት ሰው አንድን ሜትር ሁለት ዓይነት ያነበዋል።

ሳንቃው ተዛንፎ ቢገባስ? እንያው። 1 ዲግሪ ስህተት 60 ሴንቲ ሜትር በሆነው ሳንቃ ላይ አንዱን ጎን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስከፍተዋል። ብሎኑን አጥብቃችሁ ክፍተቱን ልትዘጉት ትችላላችሁ፤ ስህተቱ ግን አይጠፋም፣ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ከመጋጠሚያው 5 ሜትር ርቆ የሚጠብቀው ሰው ጋ ሲደርስ 8.7 ሴንቲ ሜትር ሆኗል። ያ ሰው ምንም አላጠፋም፣ ግን የእሱ ሞጁል ነው የማይገጥመው። የመጀመሪያውን ኩርባዬን ይዤ የመጣሁ ቀን የሆነው ይኸው ነበር። የእኔ ሣጥን ከጎረቤቱ ጋር ምንም ሳያስታውቅ ተገጠመ፤ በሌላው ጫፍ አንዲት ልጅ ሦስት ሳምንት የደከመችበትን ጣቢያ ይዛ ቆማ ሐዲዶቹ ሊገናኙላት አልቻሉም። ጥፋቱ የእሷ መስሏት በዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ያን ቀን ማታ ሁለቱንም ሳንቃዎቼን ነቅዬ አወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት መፈተኛ ይህ ነው። ከአንድ ቅርጽ የተሠሩ ሁለት ሞጁሎችን ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲዞሩ ግጠሟቸው፤ ጠቅላላው 90 ዲግሪ መሆን አለበት፣ በክፍሉ ማዕዘን ወይም በትልቅ ስኳድራ ይታያል። ስህተት ካለ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። እንደ እባብ አድርጋችሁ በተቃራኒ ብትገጥሟቸው ግን አንዱ የሌላውን ስህተት ያጠፋለትና ጫፎቹ ትይዩ መስለው ይታዩአችኋል። በዚህ መፈተኛ አትታለሉ።

ስለ እግር። ፍሪሞ የሐዲዱን ከፍታ ከወለል 50 ኢንች፣ 127 ሴንቲ ሜትር ያደርገዋል። እኛ 100 አድርገነዋል፣ ልጆች ሳይታዘሉ ማየት አለባቸው። ከእግሩ ሥር ብሎንና ዳዶ ይግባበት፤ ወለል ሁሉ ይዘነብላል፣ በውሃ ልክ እያያችሁ ታስተካክላላችሁ። ለ45 ዲግሪ ሞጁል አራት እግር በአራቱ ማዕዘን ይበቃል። 90 ዲግሪውን በአንድ ሣጥን፣ ጎኖቹንም ጠምዝዞ ለሚሠራ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። በእኛ ልክ ስታሰሉት የሣጥኑ የክብደት መሃል ከሁለቱ የውጭ ማዕዘኖች መስመር 7 ሴንቲ ሜትር ተርፎ ወደ ውጭ ይወድቃል። አራት እግር ላይ አቁማችሁ እጃችሁን ስታነሱ ይገለበጣል፤ የእኔ ተገልብጦ የአንድ ወር ሥራ በጀሶ ፍርስራሽ ሸፍኖታል። አምስተኛ እግር በውጩ ጎን መሃል ላይ የግድ ነው። ወይም፣ እኔ እንደምመክረው፣ ለሁለት ክፈሉት።

ለሁለት ሲከፈል ደግሞ አንድ ስውር ነገር አለ። ሁለት መደበኛ ሞጁሎች ወደ አንድ ጎን ሲዞሩ መጋጠሚያቸው ላይ 24 ሴንቲ ሜትር ቀጥታ ይገባል። ባቡሩ ይዞራል፣ ቀጥ ይላል፣ እንደገና ይዞራል። በእውነተኛው መስመርም መሐንዲሶች የሚጠሉት ነገር ነው፣ ለዓይንም ወገቡ የተሰበረ ይመስላል። ስለዚህ 90 ዲግሪ ለሚፈልግ ሰው ጥንድ አድርጎ ይሥራ፦ የውጭ ጫፎቹ እንደ ሕጉ ቀጥ ብለው፣ የመሃሉ መጋጠሚያ ግን ቀጥታ ሳይገባበት ኩርባው ላይ፣ ወደ ምስማሩ በሚሄደው መስመር ይቆረጥ። እነዚህ ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው፣ ተለያይተው ከሌላ አይገጠሙም። ሕጉም ይፈቅዳል፣ ለሌላው የሚታየው የውጭው ጫፍ ነውና።

ሐዲዱን ስትዘረጉ በቀጥታው ላይ ጀምራችሁ ወደ ኩርባው ግቡ። ሁለት ቁራጭ መቀጠል ካለባችሁ ቀጥ ብለው ሳሉ በብየዳ ቆርቆሮ አያይዟቸውና ከዚያ እጠፏቸው፤ ታጥፎ ከተቀጠለ መጋጠሚያው ላይ ይሾላል፣ ጎማው እዚያ ላይ ይወጣል። ሲታጠፍ የውስጡ ሐዲድ ይተርፋል። በ45 ዲግሪ ላይ የሚተርፈው 9.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱን ብቻ ቁረጡና በሞረድ አለስልሱት።

ለጠጠሩ ሩቅ አትሂዱ። በአዳማ ዙሪያ ያለው ምድር እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ ቀዩን ጠጠር ወቅጣችሁ በሻይ ማጥለያ ብታጠሩት ለእኛ ልክ የተሠራ ይመስላል። አንድ ጥንቃቄ አለው፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ ብረት ይኖረዋል፣ የሎኮሞቲቩ ሞተር ደግሞ ማግኔት ስላለበት ብናኙን ስቦ ይጨርሰዋል። ከማፍሰሳችሁ በፊት ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ደጋግማችሁ አሳልፉበት፣ የሚያነሳው እስኪያልቅ።

እዚህ ላይ ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አንስተው ጠየቁ። «ልጄ፣ እኛ ኩርባ ላይ የውጩን ሐዲድ ከፍ እናደርግ ነበር። ያንተ ለምን እኩል ሆነ?»

አባቴ፣ ልክ ነዎት። እውነተኛው ባቡር በፍጥነት ሲዞር ወደ ውጭ ስለሚገፋ የውጩ ሐዲድ ይነሳለታል። ትንሿ ባቡር ክብደቷም ፍጥነቷም ያን ያህል አይደለም፣ ሳይነሳላትም ትዞራለች። ለዓይን ግን የእርስዎ ያምራል። ከውጩ ሐዲድ ሥር ግማሽ ሚሊ ሜትር ካርቶን ማስገባት ይቻላል፤ ቀስ እያለ ተነስቶ፣ ቀጥታው ከመድረሱ በፊት ቀስ እያለ መውረድ አለበት፣ ሳንቃው ላይ ሁለቱ ሐዲዶች እኩል መሆናቸው ግዴታ ነውና። የሚቀጥለውን ጥንድ ስንሠራ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ እርስዎ ቆመው ያሳዩን።

በሉ፣ ኖራው ተበጥብጧል፣ ጣውላውም ምስማሩ ተመቶበታል። ሁለት ሰው ወደ ወለሉ ይምጣ፤ አንዱ ምስማሩን ይያዝ፣ አንዱ እርሳሱን።